ከፎቶው ሥር ሦስት መስመር ጨምሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከሦስት ሳምንት በፊት በሳይንስ ገጻችሁ ላይ የአንድ ጋላክሲ ፎቶ ወጥቶ ነበር። የገጹን ግማሽ የያዘ፣ ያማረ ፎቶ ነው። ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ ግን «አስደናቂው ኅዋ» የሚል ብቻ ነበር። በሚቀጥለው እትም አንድ አንባቢ ምስሉ በኮምፒውተር የተቀባ ሥዕል እንጂ ፎቶ እንዳልሆነ ጻፉ። በሌላ አህጉር የተተከለ ቴሌስኮፕን ከቤቱ ተቀምጦ የሚያዝ ሰውም «እኔ ያነሣሁት» የማለት መብት እንደሌለው ተከራከሩ። ደብዳቤውን መጀመሪያ ሳነበው ተቆጣሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ቅሬታዬ ከጸሐፊው ይልቅ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ዞረ።

አንባቢው የተጠራጠሩት እናንተ ምንም ስላልነገራችኋቸው ነው። የትኛው ጋላክሲ እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደተነሣ፣ ስንት ሰዓት ብርሃን እንደተሰበሰበ፣ ቀለሙ ከየት እንደመጣ በገጹ ላይ አንድም ቃል የለም። በዚያ ላይ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል። ጋላክሲው ኤም 51 ነው፤ ክንዶቹ በየት በኩል እንደሚጠመዘዙ ስንት ሌሊት ስመለከት የኖርኩት ስለሆነ ገጹን እንደገለጥኩ ለየሁት። በእናንተ ዘንድ ግን በመስተዋት ውስጥ እንዳለ መልክ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጥቷል። በእኛ ዘመን ኔጋቲቩን በተሳሳተ ፊቱ ያስገባ ሠራተኛ የሚሠራው ስሕተት ነበር፤ አለቃችን አይቶ አያልፈውም ነበር።

ይህን የምለው 31 ዓመት በፎቶ ቤት የሠራሁ ሰው ሆኜ ነው። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በድፍን ጨለማ ፊልም ሳጥብ፣ በቀይ አምፖል ሥር ፎቶ ሳትም ነው። ጡረታ ስወጣ የመስተዋቱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። በእሱ ውስጥ ኤም 51 ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ የጭጋግ ቁራጮች ይመስላል፤ ለዚያውም ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገሡ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወገቤ ታመመና መሣሪያውን ማንሣት ተሳነኝ። ሰማዩም ከዓመት ዓመት በመብራት እየነጣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዓለም የሰው ሠራሽ ብርሃን አትላስ እንደሚያሳየው ከሰው ልጅ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የራሳችንን ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት አይችልም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ።

የእኅቴ ልጅ ነበረች በኢንተርኔት የሚከራዩ ቴሌስኮፖች እንዳሉ የነገረችኝ። እኔ የምጠቀምበት በደቡብ ስፔን ተራራ ላይ የተተከለ፣ የ43 ሴንቲ ሜትር መስተዋት ያለው መሣሪያ ነው። አንድም ቀን በአካል አላየሁትም። አንባቢው «አዝራር ተጭኖ» ያሉት ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ግን ልንገራቸው እወዳለሁ።

ሌሊቱ የሚጀምረው በቀን ነው። ጋላክሲው በየትኛው ሰዓት ከፍ እንደሚል አሰላለሁ፤ ወደ አድማስ ሲጠጋ ብርሃኑ ወፍራም አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ ምስሉ ይደበዝዛል። ጨረቃ የምትወጣበትን ሰዓት አያለሁ። ከዚያ ዕቅዱን እጽፋለሁ፦ የሰማይ አድራሻው፣ በየትኛው ማጣሪያ ስንት ፎቶ፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ፣ በየስንት ሰዓቱ ትኩረቱ እንደገና እንዲስተካከል። ሲመሽ ጣሪያው ይከፈታል፤ ቴሌስኮፑ አንዲት ኮከብ ይዞ ምድር ስትዞር እየተከተላት ያድራል። ንፋስ ቢበረታ ወይም እርጥበት ቢጨምር ጣሪያው ራሱ ይዘጋል፣ የእኔም ሌሊት በዚያው ያበቃል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጋላክሲ ከያዝኳቸው 11 ሌሊቶች 5ቱ በደመና ጠፍተዋል።

ጠዋት ፋይሎቹ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዋን የ5 ደቂቃ ፎቶ የከፈትኩበትን ማለዳ አልረሳውም። ማያ ገጹ ጥቁር ነበር፤ ጥቂት ኮከቦች ብቻ ይታያሉ። የብርሃኑን ልክ ቀስ እያልኩ ስስብ ግን ከጥቁሩ ውስጥ መጀመሪያ እምብርቱ፣ ቀጥሎ አንዱ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ጋላክሲ የተዘረጋው ድልድይ ብቅ አለ። ባዶ የነበረው ወረቀት በዴቬሎፐር፣ ማለትም ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ ሳህን ውስጥ ሲወዛወዝ ፊት እንደሚወጣበት ሁሉ። ያን ነገር 31 ዓመት አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም፤ እንደገና አገኘዋለሁ ብዬም አላሰብኩም ነበር። የዚያ ብርሃን ርቀት ከ23 እስከ 31 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ባለው መካከል ይገመታል። ያን ያህል ዘመን ተጉዞ መጥቶ እኔ ባዘዝኩት ሰዓት ክፍት በነበረ ካሜራ ላይ አረፈ።

አንድ ነጠላ ፎቶ ግን በነጠብጣብ የተሞላ ነው። ስለዚህ ብዙ አንሥቶ መደራረብ ያስፈልጋል። ሕጉ ቀላልና ጨካኝ ነው፦ ምስሉ ሁለት እጥፍ እንዲጠራ 4 ፎቶ፣ ሦስት እጥፍ እንዲጠራ 9፣ ዐሥር እጥፍ እንዲጠራ 100 ይጠይቃል። ካሜራው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ያም ሆኖ ከራሱ ሙቀት የሚወለድ የሐሰት ብርሃን አይጠፋም። ስለዚህ ካሜራው ተሸፍኖ እኩል ጊዜ የሚወስዱ የጨለማ ፎቶዎች ይነሣሉ፤ እነሱን ከእውነተኛው እንቀንሳለን። በመስታወቱና በማጣሪያው ላይ ያረፈ አቧራ ደግሞ እንደ ቀለበት ያለ ጥላ ይጥላል። ይህን ለማስወገድ ወጥ ብርሃን ባለው ሰሌዳ ላይ የተነሡ ፎቶዎች አሉ። አቧራ በጨለማ ክፍልም የዕለት ተዕለት ጠላቴ ነበር፤ በዚህ በኩል ምንም አልተለወጠም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ አንባቢው በጣም የተከራከሩት በዚህ ነውና። ካሜራው የሚያነሣው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ቀለሙ የሚገኘው ያንኑ ጋላክሲ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ለየብቻ አንሥቶ ሦስቱን በማዋሐድ ነው። ይህ ግን የትናንት የኮምፒውተር ብልሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የመጀመሪያውን የቀለም ፎቶ ለሕዝብ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድ ባለ ቀለም ሪባን በሦስት ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ምስሎቹ በብርሃን ተደራረቡ። በየኪሳችን ያለው ስልክም በእያንዳንዷ የካሜራው ነጥብ ላይ እነዚህኑ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይዟል። እኛም የቀለም ፎቶ ስናትም የሰው ፊት መልኩን እስኪይዝ ድረስ የማጉሊያውን ቢጫና ሐምራዊ ማጣሪያ እንለዋውጥ ነበር። ያን ፎቶ ሥዕል ነው ያለን ደንበኛ አልነበረም።

ዐይናችን በቴሌስኮፕ ውስጥ ግራጫ ብቻ የሚያየው ቀለሙ ስለሌለ አይደለም። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዐይናችን ሕዋሳት ቀለም መለየት ስለማይችሉ ነው። ካሜራው ለሰዓታት ስለሚሰበስብ ያገኘዋል። የእምብርቱ ቢጫ የሸመገሉ ኮከቦች ነው፤ የክንዶቹ ሰማያዊ ወጣትና እጅግ ሞቃት የሆኑ ኮከቦች ነው፤ በክንዶቹ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩት ቀያይ ነጥቦች ኮከብ የሚወለድባቸው የሃይድሮጅን ደመናዎች ናቸው። ለእነሱ ተብሎ በ656.3 ናኖሜትር ዙሪያ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ አለኝ። ኤም 51 ከእኛ እየራቀ ስለሆነ የሃይድሮጅኑ ብርሃን አንድ ናኖሜትር ያህል ወደ ቀዩ ተሸጋግሮ ይደርሳል፤ የእኔ ማጣሪያ 5 ናኖሜትር ስፋት ስላለው ያልፋል። እጅግ የራቀ ጋላክሲ ቢሆን ግን ብርሃኑ ከማጣሪያው ወጥቶ ይቀር ነበር። የአጽናፈ ዓለምን መስፋት በመጽሐፍ አንብቤው አውቅ ነበር፤ ማጣሪያ ስመርጥ የምጨነቅበት ጉዳይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ኤም 51ን በእርግጥ የሣለ ሰው አለ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሎርድ ሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ ባሠራው 1.8 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ አይቶ ጠመዝማዛ ቅርጹን በእጁ በወረቀት ላይ አኖረው። ፎቶዬን ከዚያ ሥዕል አጠገብ አስቀምጬ አይቻለሁ። ክንዶቹ አንድ ናቸው፣ ጎረቤቱም በቦታው ነው። ልዩነቱ የእሱ ብርሃን በዐይንና በእጅ በኩል ማለፉ፣ የእኔ ደግሞ ነጥብ በነጥብ ተቆጥሮ በቁጥር መቀመጡ ነው። የእኔን ፋይሎች ለአንባቢው ብሰጣቸው ራሳቸው ደራርበው ያንኑ ጋላክሲ ያገኙታል።

«የማን ፎቶ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ደብዳቤ ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መስተዋቱን የጠረብኩት እኔ አይደለሁም። በዚያ ተራራ ላይ በብርድ ወጥተው የተበላሸ ሞተር የሚጠግኑት ሠራተኞች ባይኖሩ አንድ ምስል አይኖረኝም፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ሆኖም በፎቶ ቤታችንም ካሜራው የባለቤቱ፣ ፊልሙ የፋብሪካ፣ እጥበቱ የእኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 የኸብል የጠፈር ቴሌስኮፕ 10 ቀን ሙሉ አንዲት ባዶ የምትመስል የሰማይ ቁራጭ ላይ ተተክሎ 342 ፎቶ ሲያነሣ አጠገቡ የቆመ ሰው አልነበረም። ከዚያ ምስል ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች ተገኙ፤ ሥራው የእነዚያ ባለሙያዎች አይደለም ያለ ግን የለም። በታላላቅ የምርምር ጣቢያዎችም ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ዕቅዳቸውን ልከው ውጤቱን በፋይል ይቀበላሉ። የእኔ የምለው ምርጫዬን ነው፦ ወዴት እንደሚታይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የትኛው ነጠላ ፎቶ እንደሚጣል፣ ጨለማው ምን ያህል እንደሚጠቁር። ለእነዚህ ምርጫዎች ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ስለዚህም በግልጽ መጻፍ አለባቸው እላለሁ።

ይህን በደንብ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በፎቶ ቤት ሪታች ማድረግ የዕለት ሥራዬ ነበር፤ በቀጭን ብሩሽ ጭረትና ነጥብ መሸፈን። ከሁለት ዓመት በፊት በመጋቢት በሊዮ ኅብረ ኮከብ የሚገኘውን ጋላክሲ ኤም 66ን አንሥቼ 24 ነጠላ ፎቶዎችን ስደራርብ ከጋላክሲው አጠገብ የነጥቦች ሰንሰለት የመሰለ ደብዛዛ ጭረት ቀረ። ሳላመነታ ሸፈንኩት። ፎቶው ንጹሕ ሆነ፣ ለወዳጆቼም ላክሁት። ከቀናት በኋላ በንፋስ የተንቀጠቀጡትን ለመለየት ነጠላዎቹን በተከታታይ ሳገላብጥ አንዲት ነጥብ በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተራመደች አየሁ። አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የምትዞር ትንሽ የድንጋይ ዓለም፣ ነበረች። በዓለም አቀፉ የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል መዝገብ ሰዓቱንና ቦታውን አስገብቼ ፈለግሁ፤ አስቀድማ የምትታወቅ፣ ቁጥር ያላት ሆና ተገኘች። ግኝት አልጠፋብኝም። ግን በእኔ ፎቶ ውስጥ የነበረን አንድ እውነተኛ ዓለም በእጄ ፍቄ፣ የፋቅሁትንም ሳልናገር ለሰው ልኬ ነበር። ለሁሉም ጻፍኩላቸው፤ ያልተፋቀውንም ላክሁ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በኤም 51 ውስጥ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በ2005 እና በ2011 ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታ፣ ታይቷል፤ የ2005ቱንና የ2011ዱን ያገኙት አማተሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ የፈነዳውንም ያገኘው ጃፓናዊው አማተር ኮይቺ ኢታጋኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አርጀንቲናዊው አማተር ቪክቶር ቡሶ አዲስ ካሜራ እየሞከረ ሳለ አንድ ኮከብ መፈንዳት የጀመረበትን ቅጽበት በተከታታይ ፎቶዎቹ ላይ ያዘ። ሱፐርኖቫ መጀመሪያ ሲታይ ትርፍ ነጥብ ይመስላል። ሪታች የለመደ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ነጥብ ነው።

የፎቶ መግለጫ ምን እንደሚሠራ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ግን በፊልም ፋንታ ያገለግል የነበረ አንድ አሮጌ የመስታወት ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1923 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድዊን ኸብል በካሊፎርኒያው የማውንት ዊልሰን ጣቢያ 2.5 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን አነሣ። በሰሌዳው ላይ ሦስት ነጥቦችን ድንገት የበሩ ኮከቦች ናቸው ብሎ «ኤን» የሚል ፊደል ጻፈባቸው። ከዚያ የቀድሞ ሰሌዳዎችን አውጥቶ ሲያመሳክር ከሦስቱ አንዷ ቀድሞም ነበረች፤ እየደመቀችና እየደበዘዘች ትመለሳለች። ፊደሉን ሰርዞ «ተለዋዋጭ!» ማለቱን በአጭሩ በቀለም ጻፈ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሄንሪየታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመችው ሕግ መሠረት የእንዲህ ዓይነት ኮከብ የመደብዘዝና የመድመቅ ዙር ከታወቀ እውነተኛ ድምቀቱ፣ ከእሱም ርቀቱ ይሰላል። ዙሩ 31 ቀን ሆኖ ተገኘ። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ኸብል ያሰላው ርቀት ዛሬ ከሚታወቀው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያነሰ ነበር፤ ሰሌዳው ግን እስከ ዛሬ ይመሰክራል። እነዚያ የቀድሞ ሰሌዳዎች ቀንና ቁጥር ባይኖራቸው ኖሮ ውብ መስታወት ብቻ ሆነው በቀሩ፤ 31 ቀን የሚል ቁጥርም ባልወጣ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሰማይ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ምን እንደሆነ፣ በምንና የት መቼ እንደተነሣ፣ ምን ያህል ብርሃን እንደተሰበሰበና ምን እንደተደረገበት። ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነም ጻፉ፤ ያኔ የተገለበጠ ፎቶ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ይታረማል። የላከላችሁ ሰው ይህን መናገር ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ፎቶውን አታውጡ። ቦታ ይወስዳል እንደምትሉ አውቃለሁ። ለፎቶው ግማሽ ገጽ ከሰጣችሁ ለሦስት መስመር የሚሆን አይጠፋም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የራሴን ኤም 51 ልኬላችኋለሁ። ብታወጡት ክፍያ አልፈልግም፤ የሚከተለው ግን አንድ ቃል ሳይቀነስ ከሥሩ ይታተምልኝ፦

«ኤም 51 ከጎረቤቱ ኤንጂሲ 5195 ጋር። በደቡብ ስፔን በሚገኝ የ43 ሴንቲ ሜትር የኪራይ ቴሌስኮፕ፣ በኢንተርኔት ታዝዞ፣ በሚያዝያ ወር በ6 ሌሊቶች የተነሣ፤ ሰሜን ወደ ላይ፣ ምሥራቅ ወደ ግራ። ያለ ቀለም ማጣሪያ 48 ፎቶ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ እያንዳንዳቸው 16 ፎቶ፣ ሁሉም ባለ 5 ደቂቃ፤ በሃይድሮጅን ማጣሪያ 12 ፎቶ ባለ 10 ደቂቃ፤ በጠቅላላው 10 ሰዓት። በደመና፣ በንፋስና በሳተላይት ጭረት የተበላሹ 19 ፎቶዎች ተጥለዋል። ደብዛዛው ክፍል እንዲታይ ብርሃኑ ተስቧል፣ ቀለሙ ጥቂት ጠንክሯል፤ በእጅ የተፋቀም ሆነ የተጨመረ ነጥብ የለም።»

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣሁ የጨለማ ክፍል ሠራተኛ